ከንጉሡ ጀርባ የሚቆመው መኮንን፦ በእንግሊዝ ቤተ መንግሥት ስለሚያገለግሉ የጦር መኮንኖች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ንግሥት ኤልሣቤጥ በመስከረም 2022 ሲያርፉ ብዙዎቻችን ቴሌቪዥን ላይ ተጥደን ነበር የሰነበትነው። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው አልተቋረጠም። ያ የደንብ ልብስ የለበሰ ሰውዬ ማን ነው? ሥራው ምንድን ነው? እውነተኛ ወታደር ነው ወይስ ለትርዒት የለበሰ? እኔ ይህን ነገር ለዓመታት በፍቅር ስከታተል ስለኖርኩ በብዛት የሚነሡትን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤ መልሻለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከንጉሡ ጀርባ ሁለት ሦስት እርምጃ ርቆ የሚቆመው መኮንን ማን ነው?

ኤክዌሪ ይባላል። የንጉሡ፣ የንግሥቲቱ ወይም የሌላ የንጉሣዊ ቤተሰብ አባል የቅርብ ረዳት መኮንን ማለት ነው። ከምድር ጦር፣ ከባሕር ኃይል ወይም ከአየር ኃይል ይመረጣል። ማዕረጉ አብዛኛውን ጊዜ ሻምበል ወይም ሻለቃ ነው። በትልልቅ በዓላት ላይ ከቀኝ ትከሻው የወርቅ ክር ጉንጉን ይንጠለጠላል።

ብዙ ሰው አጃቢ ጠባቂ ይመስለዋል። አይደለም። ንጉሡን የሚጠብቁት ፖሊሶች ናቸው። እነሱ ሙሉ ልብስ ለብሰው ሕዝቡን ነው የሚያዩት። ኤክዌሪው ግን ዓይኑ ከንጉሡ አይነቀልም።

በቅርብ ዓመታት በጣም የታወቁት ሌተና ኮሎኔል ጆኒ ቶምፕሰን ናቸው። ከስኮትላንድ ሬጅመንት የመጡ ሲሆን በስኮትላንዶች ጉርድ ልብስ ተነሥተው ጋዜጣ ላይ የወጡት ፎቶዎች ብዙ አነጋግረዋል። መጀመሪያ ንግሥት ኤልሣቤጥን፣ ቀጥሎም ንጉሥ ቻርልስን አገልግለዋል።

ኤክዌሪ ቀኑን ሙሉ ምን ሲሠራ ይውላል?

እኔ በጣም የምወደው ጥያቄ ይሄ ነው። ምክንያቱም ሥራው በደንብ የተሠራ ዕለት ምንም አይታይም።

ንጉሡ አንድ ሆስፒታል ሊመርቁ ነው እንበል። ኤክዌሪው ቀደም ብሎ ቦታውን ሄዶ ያያል። መኪናው የት ይቆማል? በየትኛው በኩል ይወርዳሉ? ደረጃው ስንት ነው? ዝናብ ቢመጣ በየት ይገባል? ተሰልፈው የሚጠብቁት እነማን ናቸው፣ ማን ከማን ቀጥሎ ይቆማል? አንዱ ክፍል ውስጥ አሥር ደቂቃ ቢባክን የቱ ላይ ይካካሳል? ይህ ሁሉ ተጽፎ በደቂቃ በደቂቃ ይከፋፈላል።

ዕለቱ ሲደርስ ደግሞ የንግግሩ ወረቀት እሱ እጅ ላይ ነው። ንጉሡ ወደ መናገሪያው ሲጠጉ ይሰጣቸዋል፣ ሲጨርሱ ይቀበላቸዋል። ሕፃን ልጅ አበባ ሲሰጣቸው ተቀብለው ለጥቂት ጊዜ ይይዙታል። ከዚያ አበባው የት እንደገባ ሳታዩት ይጠፋል። እሱ ነው የወሰደው። ቤተ መንግሥት ውስጥም ለንጉሡ የሚቀርበውን እንግዳ ተቀብሎ የሚያጫውተው፣ ምን እንደሚጠበቅበት ቀስ ብሎ የሚነግረው፣ ድንጋጤውን የሚያበርድለት እሱ ነው።

ትንሿ ነገር ምን ያህል ከባድ እንደሆነች ማየት የሚፈልግ ሰው የመስከረም 13 ቀን 2022ን ቪዲዮ ያስታውስ። ንጉሥ ቻርልስ ሰሜን አየርላንድ፣ ሂልስቦሮ ቤተ መንግሥት ውስጥ መዝገብ ሲፈርሙ ብዕሩ ቀለም አንጠባጠበባቸው። ተናደዱ። እናታቸው ባረፉበት ሳምንት የደከመ ሰው ላይ የደረሰ ጥቃቅን ነገር ነው። ግን ዓለም በሙሉ አየው። ብዕር መፈተሽ ለዚህ ነው ሥራ የሚሆነው።

እንዴት ነው እዚያ የሚደረሰው?

በሩ ሳንድኸርስት ነው። የእንግሊዝ ምድር ጦር መኮንኖች በሙሉ የሚሠለጥኑበት ትምህርት ቤት። መደበኛው ሥልጠና 44 ሳምንት ይፈጃል። ልዑል ዊሊያምም ልዑል ሃሪም ያለፉት በዚሁ ነው። በምረቃው ሰልፍ መጨረሻ ተመራቂዎቹ የአሮጌውን ሕንፃ ደረጃ ወጥተው በሩን ያልፋሉ። ከኋላቸው የሰልፉ አዛዥ መኮንን ከነፈረሱ ደረጃውን ይወጣል። ፈረስ ድንጋይ ደረጃ ሲወጣ ማየት ልብ ያቆማል።

ከዚያ ወጣቱ ምክትል መቶ አለቃ ወደ ሬጅመንቱ ይሄዳል። ለቤተ መንግሥት ሥነ ሥርዓት ቅርብ የሆኑት ሰባት ናቸው። ሁለቱ ፈረሰኛ፣ ላይፍ ጋርድስና ብሉዝ ኤንድ ሮያልስ። አምስቱ እግረኛ፣ ግሬናዲየር፣ ኮልድስትሪም፣ ስኮትስ፣ አይሪሽና ዌልሽ ጋርድስ። ባንድነት ሃውስሆልድ ዲቪዥን ይባላሉ። እዚህ የገባ መኮንን በሃያዎቹ መጀመሪያ ዕድሜው የቅዱስ ጄምስ ቤተ መንግሥትን ዘብ ሲመራ ልታገኙት ትችላላችሁ። በዓመቱ ደግሞ በረሃ ላይ ጦር ይመራል።

ኤክዌሪነት የሚመጣው በኋላ ነው። በሥራው የተመሰገነ፣ ሰው ፊት የማይደናገጥ፣ ምሥጢር የሚይዝ መኮንን በክፍሉ ይታጫል። ቃለ መጠይቅ አለ። ጊዜው በተለምዶ ሦስት ዓመት አካባቢ ነው። ከዚያ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። ጥቂቶች ግን በቋሚነት ይቀራሉ።

እንግዲህ ማወቅ ያለባችሁ ይሄ ነው፦ ሥራውን ብሎ የሚጀምር የለም። አሥር ዓመት ጥሩ ወታደር የሆነ ሰው ነው ለዚህ የሚጠራው።

እውነተኛ ወታደሮች ናቸው ወይስ ለቱሪስት የቆሙ?

እውነተኛ ናቸው። በዚህ ላይ ቀልድ አልወድም።

በ1982 እንግሊዝ ከአርጀንቲና ጋር በተዋጋችበት የፎክላንድ ጦርነት ላይ ሰር ጋላሃድ የተባለችው መርከብ በአውሮፕላን ስትደበደብ 32 የዌልሽ ጋርድስ ወታደሮች ሞተዋል። በዚያው ሰኔ ስኮትስ ጋርድስ ተምብልዳውን የሚባለውን ተራራ በሌሊት ውጊያ፣ በሳንጃ ጭምር ነው የያዙት። እነዚህ ወታደሮች ቀደም ሲል ለንደን ላይ ቀይ ኮት ለብሰው ቱሪስት ፎቶ ሲያነሣቸው የነበሩ ናቸው።

ሌተና ኮሎኔል ሩፐርት ቶርንሎ የዌልሽ ጋርድስ የመጀመሪያ ሻለቃ ጦር አዛዥ ነበሩ። ሐምሌ 1 ቀን 2009 አፍጋኒስታን ውስጥ፣ ሄልማንድ ላይ በመንገድ ዳር ፈንጂ ሞቱ። ከፎክላንድ ወዲህ በግዳጅ ላይ የሞቱ የመጀመሪያው የእንግሊዝ ሻለቃ ጦር አዛዥ ናቸው። ያንን ረጅም የድብ ፀጉር ቆብ ስታዩ ይሄንንም አስታውሱ።

ትልልቆቹን ሥነ ሥርዓቶች ማነው የሚያዘጋጀው?

የእኛ አያቶች እልፍኝ አስከልካይ የሚሉት ዓይነት ሹም እዚያም አለ። ሎርድ ቻምበርሌን ይባላል። በሥሩ ያለውን የሥነ ሥርዓት ቢሮ የሚመራው ኮምፕትሮለር የሚባለው ኃላፊ ነው። በዚህ ወንበር ላይ ለረጅም ዘመን የተቀመጡት ከጋርድስ የመጡ ሌተና ኮሎኔሎች ናቸው። የጓሮ ግብዣው፣ የንጉሣዊ ሠርጉ፣ የውጭ መሪ አቀባበሉ፣ ቀብሩ ጭምር እዚህ ቢሮ ውስጥ ነው የሚጠነሰሰው። በቡኪንግሃም ቤተ መንግሥት በአንድ የጓሮ ግብዣ ላይ ብቻ 8,000 ያህል ሰው ይጠራል። ንግሥና ሲጫንና መንግሥታዊ ቀብር ሲሆን ግን የበላዩ ኃላፊ ኧርል ማርሻል ነው። ይህ ከአባት ወደ ልጅ የሚወረስ ሹመት ሲሆን በኖርፎክ መሳፍንት ቤት ውስጥ ነው ያለው።

ሌተና ኮሎኔል ሰር ማልኮም ሮስን ውሰዱ። የስኮትስ ጋርድስ መኮንን ነበሩ። ልዕልት ዳያና በነሐሴ 1997 መጨረሻ ፓሪስ ላይ በድንገት ስትሞት ኮምፕትሮለሩ እሳቸው ነበሩ። ለእሷ የተጻፈ የቀብር ዕቅድ አልነበረም። ለንግሥት እናቲቱ፣ ማለትም ለንግሥት ኤልሣቤጥ እናት፣ ቀብር ለዓመታት ሲዘጋጅ የኖረውን ዕቅድ መነሻ አድርገው፣ በስድስት ቀን ውስጥ ቴሌቪዥን የሚከታተለውን ዓለም ሁሉ ያቆመውን ሽኝት አሰናዱ። ንግሥት እናቲቱ ራሳቸው በ2002 ሲያርፉም ያዘጋጁት እሳቸው ናቸው።

የ2022ቱ ደግሞ ሌላ ነው። ንግሥቲቱ መስከረም 8 ቀን ስኮትላንድ ውስጥ ባልሞራል አረፉ። ቀብሩ መስከረም 19 ሆነ። በመካከሉ አስከሬኑ ኤድንብራ፣ ከዚያ ለንደን፣ ከዚያ ዌስትሚንስተር አዳራሽ፣ በመጨረሻም ዊንዘር ደረሰ። 250,000 ያህል ሰው ተሰልፎ ተሰናበታቸው። በሣጥኑ ዙሪያ የቆሙት ዘቦች በየ20 ደቂቃው ይቀያየሩ ነበር። ልምምዱ የሚካሄደው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው፤ መንገዱ ባዶ ሲሆን። የቀብር ሰልፉ እርምጃ በደቂቃ 75 ነው። ከዚህ ከፈጠነ ሰዓቱ ይቀድማል፣ ከዘገየም ይዛነፋል፤ ደወሉ፣ መድፉ፣ ጸሎቱ ሁሉም በዚያ ላይ የተሰላ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሣጥኑን የተሸከመውን የመድፍ ሠረገላ የሳቡት ፈረሶች አልነበሩም። 142 የባሕር ኃይል መርከበኞች ናቸው በገመድ የሳቡት። ነገሩ የጀመረው በ1901 በንግሥት ቪክቶሪያ ቀብር ላይ ነው። ዊንዘር ላይ ፈረሶቹ በብርድ ሲጠብቁ ቆይተው ሲንቀሳቀሱ መሳቢያው ተበጠሰ። እዚያው የቆሙት መርከበኞች ገመድ ይዘው ሳቡ። ድንገት የተደረገው ነገር ሥርዓት ሆኖ ቀረ።

በሜዳ ላይ ይህን ሁሉ የሚያሰልፈው ደግሞ መኮንን ብቻ አይደለም። የለንደኑ ጦር ሰፈር ሻለቃ ባሻ የሚባል ሰው አለ። በ2022ቱ ቀብርም በ2023ቱ ንግሥና ላይም ይህን ቦታ የያዙት አንድሩ ስቶክስ ናቸው፣ ከኮልድስትሪም ጋርድስ። ኮሎኔሉ ወረቀቱን ይጽፋል፤ እግር ከእግር የሚያስተካክለው ሻለቃ ባሻው ነው። እኔ ብጠየቅ ግማሹን ክብር ለእሳቸው እሰጣለሁ።

ነገር ሲበላሽስ?

ይበላሻል። ሙያው የሚታየውም ያኔ ነው።

በሰኔ 1981 ንግሥቲቱ በልደት ሰልፋቸው ላይ ቡርሚዝ የምትባል ፈረሳቸውን ተቀምጠው ሲያልፉ አንድ ወጣት ስድስት ጊዜ ተኮሰባቸው። ባዶ ጥይት ነበር፤ ያንን ግን በዚያች ሰከንድ ማንም አያውቅም። ፈረሷ ደነገጠች። ንግሥቲቱ አረጋጓት። አጃቢ መኮንኖቹ ፈረሶቻቸውን አስጠግተው ቀረቡ። ሰልፉ ቀጠለ።

በሰኔ 2023 ደግሞ ሙቀቱ ወደ 30 ዲግሪ ደርሶ በልዑል ዊሊያም ፊት ሦስት ያህል ወታደሮች ወደቁ። አንደኛው ትሮምቦን ነፊ ነው። ወድቆ ተነሥቶ እንደገና ሊነፋ ሞከረ። የሱፍ ኮትና የድብ ፀጉር ቆብ በዚያ ፀሐይ ምን እንደሚያደርግ አስቡት።

በሚያዝያ 2024 ደግሞ ለልምምድ የወጡ ፈረሶች ከግንባታ ቦታ የወደቀ ኮንክሪት አስደንግጧቸው ጋላቢዎቻቸውን ጥለው በማዕከላዊ ለንደን መንገድ ላይ ፈረጠጡ። ሰውም ፈረስም ተጎዳ። ክፉኛ የተጎዱት ሁለቱ ፈረሶች፣ ቪዳና ኩዌከር፣ ታክመው ድነዋል።

የፈረሶቹና የሠረገላዎቹ ኃላፊ ማነው?

ክራውን ኤክዌሪ ይባላል። ባልደራስ ብላችሁ አስቡት። ስሙ ቢመሳሰልም ከንጉሡ ጀርባ ከሚቆመው ኤክዌሪ ጋር ሥራቸው ይለያያል። ይህኛው የቤተ መንግሥቱን ጋጣ፣ ሠረገላዎቹንና መኪናዎቹን ነው የሚያስተዳድረው። እዚህም በብዛት የተሾሙት የጦር መኮንኖች ናቸው። ሌተና ኮሎኔል ሰር ጆን ሚለር ከ1961 እስከ 1987 በቦታው ቆይተዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጀግንነት የተሸለሙ፣ በ1952 ኦሎምፒክ በፈረስ ግልቢያ የተወዳደሩ ሰው ናቸው። በጋጣው ውስጥ ያለው የወርቅ ሠረገላ የ1762 ሥራ ነው። ክብደቱ አራት ቶን ያህል ስለሆነ ስምንት ፈረሶች በዝግታ ብቻ ነው የሚስቡት።

እዚህ ላይ እኛም እንገናኛለን። ለንደን የሚሾም አዲስ አምባሳደር፣ የኢትዮጵያም ጭምር፣ የሹመት ደብዳቤውን ለንጉሡ ሲያቀርብ በሠረገላ ነው ወደ ቤተ መንግሥት የሚወሰደው። ሲመለስ ለፈረሶቹ ካሮት ይሰጣል። የቆየ ወግ ነው። የአገራችን አምባሳደሮች በነጭ የአገር ልብስ ከዚያ ሠረገላ ሲወርዱ ማየት ደስ ይላል።

የንግሥት ኤልሣቤጥ እህት ልዕልት ማርጋሬት የወደደችው ኤክዌሪ ነበር ይባላል። እውነት ነው?

አዎ። ፒተር ታውንሴንድ የምድር ጦር መኮንን ሳይሆኑ የአየር ኃይል ሰው ነበሩ። በ1940ው የአየር ጦርነት ስም ያወጡ አብራሪ ናቸው። በ1944 ለንጉሥ ጆርጅ 6ኛ ኤክዌሪ ሆኑ። ለጥቂት ወራት ተብሎ የተጀመረው ለዓመታት ቀጠለ። ትዳራቸው ፈረሰ፤ ከልዕልቲቱ ጋር ተዋደዱ። ፍቺ በዚያ ዘመን በቤተ ክርስቲያናቸው ዘንድ ከባድ ነገር ነበር። በ1953 ብራሰልስ ወዳለው ኤምባሲ ተላኩ። ጥቅምት 31 ቀን 1955 ማርጋሬት እንደማታገባቸው በይፋ አስታወቀች። ከዚህ በላይ አልገባበትም፤ ብዙ ተወርቶበታል።

ሴቶችስ? ውጭ አገር የተወለደ ሰውስ?

በ2018 በእንግሊዝ ጦር ውስጥ ያለው የሥራ መደብ ሁሉ ለሴቶች ተከፍቷል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በሰኔ 2017፣ የካናዳ እግረኛ ጦር መኮንን የሆነችው ሻምበል ሜጋን ኩቶ የንግሥቲቱን ዘብ የመራች የመጀመሪያዋ ሴት እግረኛ መኮንን ሆናለች።

በዚያው በ2017 ጋና የተወለዱት ሻለቃ ናና ኮፊ ትዉማሲ አንክራ የንግሥቲቱ ኤክዌሪ ሆኑ። የመጀመሪያው ጥቁር ናቸው። የሃውስሆልድ ፈረሰኛ ጦር መኮንን፣ አፍጋኒስታን የዘመቱ። ያኔ ያደረብኝ ደስታ አሁንም አለ።

እንግሊዝ የሚኖሩ የአበሻ ወላጆች «የእኔ ልጅስ?» ብለው ይጠይቃሉ። ኢትዮጵያና ኤርትራ የኮመንዌልዝ፣ በአብዛኛው የቀድሞ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች የሆኑ አገሮች ማኅበር፣ አባል ስላልሆኑ በኢትዮጵያ ወይም በኤርትራ ፓስፖርት መቀጠር አይቻልም። የእንግሊዝ ዜግነት ያለው ልጅ ግን እንደማንኛውም ሰው ያመለክታል። ሳንድኸርስት የአባትን ስም አይጠይቅም።

ጡረታ ሲወጡ ምን ይሆናሉ?

ብዙዎቹ እዚያው አካባቢ ይቆያሉ። በ1509 ሄንሪ 8ኛ ያቋቋሙት ጀንትልመን አት አርምስ የሚባል የክብር ዘብ አለ። አባላቱ የቀድሞ መኮንኖች ናቸው፤ ነጭ ላባ ያለው የራስ ቁር ያደርጋሉ። በዌስትሚንስተር አዳራሽ ሣጥኑ ዙሪያ ከቆሙት መካከል እነሱም ነበሩ። ለአገልግሎታቸውም ንጉሡ በግላቸው የሚሰጡት የሮያል ቪክቶሪያን ኒሻን አለ። መንግሥት የማይገባበት፣ በ1896 የተጀመረ ኒሻን ነው።

ዊንዘር ግቢ ውስጥ ደግሞ የዊንዘር ወታደራዊ ፈረሰኞች የሚባሉ ጡረተኛ መኮንኖች ይኖራሉ። ከኤድዋርድ 3ኛ ዘመን፣ ከ14ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የመጣ ነው። እሑድ እሑድ ቀይ ኮት ለብሰው ቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ይገባሉ። የአጼ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ የተቀበረው እዚያው ጸሎት ቤት ነው፣ በ1879። በ2023 አጽሙ እንዲመለስ ሲጠየቅ ቤተ መንግሥቱ የሌሎችን መቃብር ሳይነካ ማውጣት አይቻልም ብሎ አልተቀበለም። እኔ መንገድ ተፈልጎ ወደ አገሩ ቢመለስ እላለሁ።

ከእኛ ክቡር ዘበኛ ጋር ይመሳሰላል?

በመልኩ ይመሳሰላል። ክቡር ዘበኛም ንጉሡን በሥነ ሥርዓት ያጅብ ነበር፤ ይዘምትም ነበር። ኮርያ የሄዱት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ከዚያ የወጡ ናቸው። በባዶ እግሩ ሮምን ያስደነቀው አበበ ቢቂላም የክቡር ዘበኛ ወታደር ነው።

ትልቁ ልዩነት ሥልጣን ላይ ነው። የእኛው ዘብ ቤተ መንግሥቱንም ንጉሡንም በእጁ የያዘ ጦር ነበር። ለዚህም ነው በታኅሣሥ 1960 አዛዡ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት መሞከር የቻሉት። የእንግሊዙ መኮንን ግን ለንጉሡ ቅርብ ቢሆንም የሚያዝበት የግል ጦር የለውም። ወታደሮቹ የመደበኛው ጦር አካል ናቸው፤ የንጉሡ የግል ጥበቃ ደግሞ በፖሊስ እጅ ነው።

ሬጅመንቶቹን እንዴት ልለያቸው?

አዝራሩን ቁጠሩ። እግረኞቹ ቀይ ኮት ላይ ግሬናዲየር አንድ በአንድ፣ ኮልድስትሪም ሁለት ሁለት፣ ስኮትስ ሦስት ሦስት፣ አይሪሽ አራት አራት፣ ዌልሽ አምስት አምስት ሆኖ ተደርድሯል።

ለንደን ስመጣ የት ላያቸው?

የዘብ ቅያሪው ቡኪንግሃም ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት ነው፣ በተወሰኑ ቀናት ከጠዋቱ 5 ሰዓት በእኛ አቆጣጠር። ገንዘብ አይከፈልም። ቀኖቹ ስለሚለዋወጡ ድረ ገጻቸውን አይታችሁ ውጡ። ሰው ስለሚበዛ ከአንድ ሰዓት በፊት ድረሱ። በሰኔ የሚደረገው የልደት ሰልፍ መቀመጫው በዕጣ ነው። ያን ዕለት አንድ ሌተና ኮሎኔል ፈረስ ላይ ሆኖ 113 ትእዛዝ ይሰጣል።

እኔ ግን ሆርስ ጋርድስ ወደሚባለው የፈረሰኞቹ ዘብ ግቢ ሂዱ እላለሁ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት። በ1894 ንግሥት ቪክቶሪያ በዚያ ሲያልፉ ዘቦቹ ሲጠጡና ቁማር ሲጫወቱ አገኟቸው ይባላል። ለ100 ዓመት በየቀኑ በዚያ ሰዓት በመኮንን እንዲፈተሹ አዘዙ። ቅጣቱ በ1994 አለቀ። ፍተሻው ግን አልቀረም። ጠባብ ግቢ ስለሆነ መኮንኑ አንድ በአንድ ሲፈትሽ በቅርብ ይታያል፤ በስተቀኝ በኩል ቁሙ።